የምጣድ ደላላ፦ የአፊሊየት ሥራዬ ማስታወሻ

መስከረም 8፣ 2017

ትናንት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ስለ አፊሊየት ማርኬቲንግ ሰባት ቪዲዮ አየሁ። የሆቴል ፍሮንት ዴስክ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ጭር ይላል። ሰባቱም የሚሉት አንድ ነው፦ ተኝተህ ብር ይገባልሃል። እኔ ለመተኛቱም ጊዜ አጥቻለሁ። ቢሆንም ነገሩ ገባኝ። አፊሊየት ማርኬቲንግ ማለት ድለላ ነው፣ ሌላ አይደለም። ዕቃው የአንተ አይደለም፣ መጋዘን የለህም፣ አታጓጉዝም። ገዢውን ወደ ሻጩ ትልካለህ፣ ከገዛ ኮሚሽን ታገኛለህ። አዲስ አበባ ቢሆን ደላላው ቁልፍ ይዞ አብሮህ ይዞራል። እዚህ የሚዞረው ሊንክ ነው። ሊንኩ ላይ የእኔ መለያ አለ፤ ሰው ነክቶት ገብቶ ከገዛ፣ ሱቁ ማን እንደላከው ያውቃል።

አማዞን ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እኔ ልጀምር የተነሳሁት በ2017 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ትንሽ ዘግይቻለሁ።

መስከረም 11

ምን ልደልል? መጀመሪያ ያሰብኩት ላፕቶፕ ነበር። ባለቤቴ ሰማችኝና «ስለ ላፕቶፕ ምን ታውቃለህ?» አለች። ምንም። «ታዲያ ስለምታውቀው ጻፍ።» ስለማውቀው ሳስብ ቡና እየጠጣሁ ነበር፤ ዓይኔ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ምጣዱ ላይ።

ምጣድ እንበለው እንጂ ምጣድ አይደለም። ሄሪቴጅ ግሪል የሚባል የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። የሚሠራው አይዋ ግዛት ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የተሠራው ለኖርዌጂያኖች ነው፤ ሌፍሳ የሚባል ከድንች ሊጥ የሚዘጋጅ ስስ ቂጣ አላቸው፣ እሱን በቀጭን እንጨት እያገላበጡ ይጋግሩበታል። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፣ ሙቀቱ እስከ 500 ፋራናይት ይደርሳል። አንድ ሐበሻ ወገን አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አይቶት «ይሄማ የእኛ ነው» ብሎ መሆን አለበት። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ስንቱ ቤት አለ። ኖርዌጂያኖቹ ይህን ያውቁ ይሆን? ሁሌ ይገርመኛል።

ስለዚህ ርዕሱ ተገኘ፦ ውጭ አገር ላለ ሐበሻ የኩሽና ዕቃ። በአማርኛ።

መስከረም 20

የሳይቱ ስም 12 ዶላር፣ የዓመት ሆስቲንግ (ሳይቱ የሚቀመጥበት ኪራይ) 36 ዶላር። ሳይት መሥሪያውን ዎርድፕረስን ጫንኩ። የአማርኛው ፊደል ስልክ ላይ ተጨማዶ ወጣ፤ ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ስጭንበት ተስተካከለ። ስለዚህ ክፍል ሌላ የሚወራ የለም።

ጥቅምት 3

የአማዞን አሶሼትስ፣ ማለትም የአማዞን የአፊሊየት ፕሮግራም፣ አካውንት ከፈትኩ። ሕጎቹን ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ ከቪዲዮዎቹ አንዱም አልነገረኝም ነበር።

ሰው ሊንኬን ከነካ በኋላ ያለኝ 24 ሰዓት ነው። በእነዚያ 24 ሰዓታት ዕቃውን ካርት (የሱቁ መግዣ ቅርጫት) ውስጥ ከከተተው ግን እስከ 90 ቀን ይቆይልኛል። የዕቃውን ዋጋ በእጄ ጽፌ ማስቀመጥ አልችልም፣ ዋጋ ይለዋወጣልና። የደንበኞችን አስተያየት ገልብጬ መለጠፍም አልችልም። የኩሽና ዕቃ ኮሚሽን 4.5 በመቶ ነው። ምጣዱ በ150 ዶላር ቢሸጥ ለእኔ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ማለት ነው። የምግብ ሸቀጥ 1 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጤፍ ደልዬ አልበለጽግም።

ትልቁ ይሄ ነው፦ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሽያጭ ካላመጣሁ አካውንቱ ይዘጋል። 180 ቀን በፈረንጅ ካሌንደር ለመቁጠር ጣት ያስቆጥራል። በእኛ ግን ልክ ስድስት ወር ነው። ሚያዝያ 3። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሠላሳ ሠላሳው ጠቀመኝ።

ጥቅምት 24

በሦስት ሳምንት አሥራ አንድ ጽሑፍ አወጣሁ። «ምርጥ 10 የቡና መፍጫዎች።» «ምርጥ 10 ብሌንደሮች።» «ምርጥ 10 የሩዝ ማብሰያዎች።» ከመቶ አሥር ዕቃ ውስጥ በእጄ ይዤ የማውቀው አራቱን ነው። ቀሪውን የሱቁን ገጽ እያነበብኩ በሌላ ቃል ጻፍኩት። ዛሬ አንዱን መልሼ አነበብኩና አፈርኩ። «ይህ ብሌንደር ለዘመናዊ ኩሽና ተስማሚ ነው።» ምን ማለት ነው? የትኛው ብሌንደር ነው ለጥንታዊ ኩሽና የሚሆነው?

ክሊክ፦ 9። ከዘጠኙ ሦስቱ እኔ ነኝ፣ ይሠራ እንደሆነ ስሞክር። ሽያጭ፦ 0።

ህዳር 4

ዴንቨር ያለው አጎቴ ደወለ። የላክሁለትን ሊንክ ከፍቶታል።

«ከሥር ምን ብለህ ነው የጻፍከው? ኮሚሽን ይደርሰኛል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ደላላ ሆንክ በለኛ!»

«እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ለገዢ ይነግሩታል እንዴ?»

መናገር ግዴታ ነው። የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ከምትመክረው ዕቃ ጥቅም ካለህ በግልጽ፣ ሰው ሊያየው በሚችል ቦታ ንገር ይላል። ምክሩ በአማርኛ ከሆነ ማሳወቂያውም በአማርኛ መሆን አለበት፤ በማይነበብ እንግሊዝኛ ገጹ ግርጌ መወሸቅ አያዋጣም። አማዞንም የራሱን ዓረፍተ ነገር እንድታስገባ ይፈልጋል። ስለዚህ የእኔን ከጽሑፉ አናት አደረግኩት፦ «በዚህ ገጽ ባሉት ሊንኮች ብትገዙ ትንሽ ኮሚሽን ይደርሰኛል። የእናንተ ዋጋ አይጨምርም።» አጎቴ «እንዲህ ብለህ ማን ይገዛሃል» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሽያጬን ሳይ እሱም አልተሳሳተም።

ህዳር 9

ዛሬ ሪፖርቱን ስከፍት አንድ ትእዛዝ! ልቤ ዘለለች። የሕፃን ዳይፐር፣ አንድ ካርቶን። ወደ ሳሎን ሮጬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳቀች። «እኔ ነኝ። ልጀምርልህ ብዬ ነው።» የስምንት ወር ተኩል እርግዝናዋን ይዛ የእኔን ሥራ ታስባለች፣ ምን ትላታለህ። ችግሩ ለራስህና ለቤትህ የገዛኸው አይቆጠርም፤ ከሕጉ አንዱ እሱ ነው። አመሰግናለሁ አልኳት፣ ሁለተኛ እንዳትደግሚው አልኳት።

ህዳር 21

ብላክ ፍራይዴ፣ የአሜሪካ ትልቁ የቅናሽ ቀን፣ ትናንት ነበር። የመጀመሪያው እውነተኛ ሽያጭ መጣ። አንድ ሰው የቡና መፍጫ ሊንኬን ነክቶ ገባና የድመት ምግብ ገዛ። 28 ዶላር፣ 3 በመቶ፣ 84 ሳንቲም። መፍጫውን ተወው። ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ ሪፖርቱ የሚያሳየው ዕቃውን እንጂ ገዢውን አይደለም። ማንም ሁን፣ ድመትህ ትኑርልኝ።

ታህሳስ 1

ሴት ልጅ ተወለደችልን። ሳይቱን ለሁለት ሳምንት አልከፍተውም። አይናፍቀኝምም።

ታህሳስ 17

አማቴ አራስ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጡ። በሦስተኛው ቀን «እንጀራ የት ነው የምትጋግሩት?» አሉ። ግሪሉን አሳየኋቸው። ከላይ አዩት፣ ከሥር አዩት።

«ልጄ፣ አክምባሎው የታለ?»

«የለውም እማማ።»

«ምጣድ ያለ አክምባሎ?»

ኖርዌጂያኖቹ አገላብጠው የሚጋግሩት ቂጣ ስለሆነ ክዳን አያስፈልጋቸውም ብዬ አስረዳኋቸው። ለእኛ ግን ነገሩ ሁሉ እንፋሎቱ ላይ ነው። እንጀራ አይገለበጥም፤ የላይኛው ፊቱ የሚበስለው በክዳኑ ነው። እኛ ቤት እስከዛሬ የትልቅ ድስት ክዳን ነበር የምናደርገው። ዙሪያው ላይ ሁለት ጣት ያህል ይጎድላል። ለዚህ ነው ጠርዙ ሁሌ የሚደርቅብን፤ አራት ዓመት ምክንያቱን ሳናውቅ በላነው።

ሊጡ ዝግጁ ነበር፣ ጤፉ አይዳሆ የበቀለ። «ጤፍ እዚህ ይበቅላል?» ብለው ጥቂት ዱቄት በጣታቸው አሽተው አሸተቱ። ምንም አላሉም፤ ጥሩ ምልክት ነው። ግሪሉን ወደ መካከለኛ ሙቀት አዞርኩት። አማቴ ጠብታ ሊጥ ጣል አደረጉበትና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አልጋለም።» እኔ ግን የግሪሉ ጠቋሚ መብራት ጠፍቷል፣ ደርሷል አልኩ። የመጀመሪያዋን ጋገርን፤ ተጣብቃ ተቀዳደደች፣ አንድ ዓይን የላትም። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው የሙቀት መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻ አዞሩት፣ አሥር ደቂቃ ቆሙ፣ በእርጥብ ማሰሻ ጠረግ አደረጉት። ከጠርዝ ጀምረው ወደ መሀል እያዞሩ አፈሰሱ። እኔ ስልኬን ይዤ በላዩ ተደፋሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከዳር አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መላው ፊት ዓይን በዓይን ሆነ። «አሁን!» አሉ፣ ክዳኑን ጣልኩ። በዚያው ቅጽበት የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ሕፃኗ ተነሳች፣ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምን እያቃጠላችሁ ነው» አለች። አማቴ ፎጣ ይዘው ጣሪያውን ያራግባሉ። እንጀራዋ ግን ወጣች። አዩአትና «ቆንጆ ናት። ግን የልጅ ናት» አሉ። 16 ኢንች 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአገር ቤት ምጣድ ጋር አይወዳደርም።

34 ፎቶ አነሳሁ። ከእነሱ ውስጥ የተቀደደችው እንጀራ አለች። እሷንም እለጥፋለሁ።

ታህሳስ 27

«ምርጥ 10» የሚሉትን በሙሉ አጠፋኋቸው። አሥራ አንዱንም። በምትካቸው አንድ ጽሑፍ አወጣሁ፦ «የሌፍሳ ግሪል ለእንጀራ ይሆናል ወይ?» ውስጡ ያለው ኩሽናችን ውስጥ የሆነው ነው። ለምን መጀመሪያ እንደሚጣበቅ፣ ስንት ደቂቃ መጋል እንዳለበት፣ የማያጣብቅ ቅብ ያለውና የሌለው ሁለት ዓይነት እንዳለ፣ አክምባሎ እንደሌለውና ክዳኑ ስንት ኢንች መሆን እንዳለበት። እንጀራው ትንሽ እንደሆነም ጻፍኩ። አማቴ «ትንሽ ነው ብለህ ጽፈህ ማን ይገዛል?» አሉ። ከአጎቴ ጋር ሳይነጋገሩ አልቀሩም።

ጥር 9

ጎግል ሰርች ኮንሶል ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ ያሳያል። ዛሬ አንድ ሰዓት ተቀምጬ አነበብኩት። ግማሹ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። በአማርኛ ከሚጽፉት ውስጥ «እንጀራ» አለ፣ «ኢንጀራ» አለ፣ «የንጀራ ምጣድ» አለ፣ «ምጣድ አሜሪካ» አለ። አንዱ ሰው «እንጀራ ለምን ይጣበቃል» ብሎ ጽፏል። ይህ ሰው ዕቃ እየፈለገ አይደለም። ሊጡ ጎኑ ተቀምጦ፣ እጁ ተለቃልቆ ነው የጻፈው። ዕቃው ግን ለእሱ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህ ጥያቄ ብቻ ሌላ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

የመጀመሪያው ምጣድ በዚህ ሳምንት ተሸጠ። 6 ዶላር ከ75።

ጥር 19

ዛሬ ያገኘሁት መልእክት፦

«ወንድሜ ሰላም ነህ? ዱባይ ነው ያለሁት። ምጣዱን በሰው ላስመጣ ነው፣ የሁለት ወር ቁጠባዬ ነው። ይሆነኛል?»

ገና ሳነበው ላቤ መጣ። አይሆናትም። ግሪሉ የተሠራው ለአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ዱባይ ላይ ሶኬቱ ከ220 በላይ ነው። እዚያ ሲሰካ የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወይ ይቃጠላል ወይ ቤት ያቃጥላል። እኔ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ስለ ቮልት አንድ ቃል አልጻፍኩም። ሁሉም ሰው ሜሪላንድ የሚኖር መስሎኝ።

መለስኩላት፦ «እህቴ፣ በፍጹም እንዳትገዢ። አንቺ ያለሽበት አገር ቮልቱ ከኢትዮጵያ ጋር ተቀራራቢ ነው። የአገር ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንቺ ይሻላል። ግን ኃይሉ ትልቅ ስለሆነ ሶኬቱ ይችል እንደሆነ የቤቱን ኤሌክትሪሻን ጠይቂ።» «እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። ከዚያ ሪፖርቱን ገልብጬ አየሁት፦ ከአሥር ክሊክ አራቱ ከአሜሪካ ውጭ ነው። ካናዳ፣ ኤምሬትስ፣ ሳዑዲ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን። ስንቱ ሳይጠይቀኝ ገዝቶ ይሆን?

ማታውኑ የጽሑፉን አናት ቀየርኩት። ከርዕሱ ቀጥሎ፣ በደማቁ፦ «አሜሪካ ወይም ካናዳ ካልሆናችሁ ይህን አትግዙ።» ሊንኩ ከሱ ሥር ነው።

ጥር 30

የቮልቱን ነገር ከያዝኩት አልቀረ ተቃራኒውንም ጻፍኩት፦ ከአዲስ አበባ ምጣድ ይዤ ብመጣስ? በየሳምንቱ የሚጠየቅ ነው። የአገር ቤት ምጣድ በ220 ቮልት ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላል። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት፣ 15 አምፔር ነው፤ ቢበዛ 1800 ዋት። እንደምንም ብትሰካው ከሙቀቱ ሲሶውን እንኳ አይሰጥም። ሊጡ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ አይበስልም። በዚህ ጽሑፍ የምሸጠው ነገር የለም፤ ሻንጣ ውስጥ ምጣድ የሚያስገባን ሰው ከድካም ማዳን ነው። ግን ከዚህ ጽሑፍ ተነስቶ ወደ ግሪሉ ገጽ የሚሄደው ሰው ከማንም ይበልጣል።

የካቲት 19

ጾም ገባ። በዚህ ወር ሁለት ምጣድ ተሸጠ፣ አንዱ ተመለሰ። ሲመለስ ኮሚሽኑም ይመለሳል፤ ሪፖርቱ ላይ በቀይ ቀንስ ሆኖ ይቀመጣል። ለምን እንደመለሱት አይታወቅም። ሰፊ እንጀራ ጠብቀው ይሆናል። «እንጀራው ትንሽ ነው» የሚለውን ወደ ላይ አወጣሁት።

መጋቢት 6

ቲክቶክ ላይ የ41 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቅኩ። የአማቴ እጅ፣ ሊጡ፣ ዓይኑ ሲወጣ። 38 ሺህ ሰው አየው። አቦ፣ ሀብታም ሆንኩ አልኩ። ከአስተያየቱ ግማሹ «እናቴን አስታወሰኝ» ነው፣ ሩቡ «ሊጡ ወፍራም ነው» ነው። ክሊክ 112። ምጣድ፦ ዜሮ። በዚያው ሳምንት በሰርች የመጡት 70 ሰዎች ሁለት ምጣድ ገዙ። ቪዲዮውን የሚያየው ሰው አልጋ ላይ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ኩሽና ውስጥ ነው። አማቴ ግን በዚህ ሂሳብ አይስማሙም። 38 ሺህ ሰው እጃቸውን እንዳየ ለጎረቤት ሁሉ ደውለው ተናግረዋል።

ሚያዝያ 3

ቀኑ ደረሰ። አካውንቱ አልተዘጋም፤ ሦስቱን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

ሚያዝያ 22

የመጀመሪያው ክፍያ ባንክ ገባ፦ 15 ዶላር ከ44 ሳንቲም። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ነው፤ የሚከፍሉት ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው፣ ከ10 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ ይጠራቀማል። ውስጡ የድመቷ 84 ሳንቲም አለ። ወጪዬ 48 ዶላር ነበር፣ ጊዜዬን ካልቆጠርኩ። አልቆጥረውም።

ከጾሙ አጋማሽ እስከ ፋሲካ ግን 11 ምጣድ ተሸጧል። ይህ ገና በግንቦትና በሰኔ የሚመጣ ነው፣ 74 ዶላር ከ25። ማንም ያልመለሰ ከሆነ። የካናዳውን ሱቅ አካውንት ለብቻው መክፈት አለብኝ፤ በአሜሪካው ሊንክ የሚመጡት ካናዳውያን እስካሁን ምንም አላስገኙልኝም። ታክሱም አለ፦ ከዚህ የተጣራ ትርፍ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ የራስ ሥራ ታክስ ይመጣል። ይምጣ፣ በደስታ።

ግንቦት 1

አማቴ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳሉ። ዛሬ ማታ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያን ምጣድ አንድ ግዛልኝ። ለእህቴ እሰጣታለሁ። ቀላል ነው፣ ይመቻል።»

«እማማ፣ አገር ቤት አይሠራም። ቮልቱ 220 ነው። ይቃጠላል።»

ዝም ብለው አዩኝ። «ለሰው ሁሉ ትሸጣለህ፣ ለእኔ ትከለክላለህ?»

«የእርስዎ አይቆጠርልኝም ደግሞ» አልኩ። ባለቤቴ ከሳሎን ሳቀች።

«ቮልቱን የሚቀንሰው ዕቃ የለም? ትራንስ የሚሉት?»

አለ። ፈለግኩት። ይህን ግሪል የሚችለው ከምጣዱ ራሱ ይከብዳል፣ ሻንጣው ደግሞ 23 ኪሎ ነው። ስነግራቸው «እንግዲያው ጻፈው፣ ሌላውም እንዳይሸወድ» አሉና የሕፃኗን ልብስ ማጠፍ ቀጠሉ። ነገ ሌሊት ፍሮንት ዴስኩ ጭር ሲል እጽፈዋለሁ።